የሕፃናት ማቆያን ቤተ ክርስቲያን ስታስተዳድር፤ የጀርመን አሠራርና ለአገራችን የሚሰጠው ትምህርት

የሕፃናት አያያዝ የአንድ አገር ማኅበራዊ ፖሊሲ ጥንካሬ ከሚመዘንባቸው ጉዳዮች አንዱ ነው። ወላጆች፣ በተለይም እናቶች፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በፋብሪካዎችና በልዩ ልዩ የሥራ መስኮች ተሰማርተው ውጤታማ ይሆኑ ዘንድ በሥራ ሰዓት ልጆቻቸውን በኃላፊነት ተረክቦ የሚንከባከብ አካል መኖር ይገባዋል። ይህንን ኃላፊነት ማን ይሸከም? ወጪውን ማን ይሸፍን? ጥራቱንስ ማን ይቆጣጠር? የሚሉት ጥያቄዎች በየአገሩ የተለያየ ምላሽ አግኝተዋል።

ጀርመን ለነዚህ ጥያቄዎች የሰጠችው ምላሽ ልዩ ትኩረት ይስባል። በአገሪቱ ካሉት 60 ሺህ ገደማ የሕፃናት ማቆያዎችና መዋዕለ ሕፃናት መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉን የሚያስተዳድሩት የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ይሁን እንጂ የአብዛኛውን ወጪ ሸክም የሚሸከመው መንግሥት ነው። ይህ ጽሑፍ የአሠራሩን አመጣጥ፣ ሕጋዊ መሠረት፣ የገንዘብ ምንጭ፣ የዕለት ተዕለት አፈጻጸምና ያስነሳቸውን ክርክሮች ያብራራል። በመጨረሻም ለአገራችን የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች የሚሆኑ ነጥቦችን ያመለክታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት የውጭ አገር ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

በአገራችን ጉዳዩ ለምን አሳሳቢ ሆነ?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በአንቀጽ 36 ደግሞ መንግሥታዊም ሆኑ የግል የበጎ አድራጎት ተቋማት፣ ፍርድ ቤቶች፣ የአስተዳደር ባለሥልጣናትና የሕግ አውጪ አካላት ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ በሚወስዱበት ጊዜ ለሕፃናት ደኅንነት ቅድሚያ እንዲሰጡ ያዛል። አገራችን ተቀብላ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 18 ተዋዋይ መንግሥታት የሠራተኛ ወላጆች ልጆች የእንክብካቤ አገልግሎት ተጠቃሚ የሚሆኑበትን ሁኔታ እንዲያመቻቹ ግዴታ ይጥላል።

በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ መደንገጉ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ በርካታ መሥሪያ ቤቶች በግቢያቸው ውስጥ ክፍሎችን አዘጋጅተው ሠራተኞቻቸውን ተጠቃሚ አድርገዋል።

ሆኖም ክፍተቱ ሰፊ ነው። በ2011 ዓ.ም የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ስለሆነም እናት ወደ ሥራ ገበታዋ ስትመለስ ሕፃኑ የሦስት ወር ዕድሜ ብቻ ይኖረዋል ማለት ነው። የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት ደግሞ በአብዛኛው ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት ሳይሞላው አይጀመርም። በሁለቱ መካከል ያለው ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አያት፣ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የቤት ሠራተኛ የሚሸፍኑት ነው። ይህ አማራጭ የሌላት እናት ሥራዋን ለመልቀቅ ትገደዳለች፤ አለዚያም ብዙ ጊዜ ዕድሜዋ ለአቅመ ሥራ ያልደረሰ ልጃገረድ ሕፃኑን እንድትጠብቅ ትደረጋለች። በዚህም ሁለት ሕፃናት በአንድ ጊዜ መብታቸውን ያጣሉ።

መንግሥት ብቻውን ይህንን ክፍተት ሊሞላ እንደማይችል ግልጽ ነው። ለዚህም ነው የሃይማኖት ተቋማት በሕፃናት እንክብካቤ ውስጥ ያላቸው ድርሻ መጠናት የሚገባው።

ታሪካዊ አመጣጥ

በአውሮፓ የሕፃናት ማቆያ ታሪክ የሚጀምረው በአንዲት የገጠር አጥቢያ ነው። ፓስተር ዮሐን ፍሪድሪክ ኦበርሊን በ1767 በቮዥ ተራሮች ውስጥ በምትገኘው ቫልደርስባክ በተባለች የአልዛስ መንደር በአገልግሎት ተመደቡ። አካባቢው ድሃ ነበር፤ ወላጆች በእርሻና በእጅ ሥራ ሲጠመዱ ትናንሽ ልጆች ያለ ጠባቂ ይውሉ ነበር። ፓስተሩ ሣራ ባንዜ የተባለች ወጣት በቤቷ ሕፃናትን ሰብስባ ሹራብ መሥራት ስታስተምር ተመልክተው ሥራዋን ደገፉ። ብዙም ሳይቆይ በ1770 ገደማ በየመንደሩ ተመሳሳይ ማዕከላት ተከፈቱ። ልጆቹ መዝሙር፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የዕፅዋት ስምና የእጅ ሥራ ይማሩ ነበር። ሥራውን ለአሥርት ዓመታት የመራችው ሉዊዝ ሼፕለር በ1829 ከፈረንሳይ አካዳሚ የመልካም ምግባር ሽልማት ተቀብላለች።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በመሳፍንት ቤት ነው። በ1802 የሊፐ ልዕልት ፓውሊነ በዴትሞልድ ከተማ ለሠራተኛ እናቶች ልጆች ማቆያ አቋቋሙ። ማቆያው ክፍት የሚሆነው እናቶች በእርሻና በመከር ሥራ በሚጠመዱባቸው ወራት ነበር። የአገልግሎት ሰዓትና ወቅት ከእናቶች የሥራ ጠባይ ጋር መጣጣም እንዳለበት ከዚያን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ጉዳይ መሆኑን ይህ ያስረዳል።

በ1836 ፓስተር ቴዎዶር ፍሊድነር በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው ካይዘርስቬርት የዲያቆናውያት ተቋም መሠረቱ። በዚያም ነርሶችና የሕፃናት አስተማሪዎች ይሠለጥኑ ጀመር። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል የሠለጠነችው በዚሁ ተቋም ነው። የካይዘርስቬርት ትልቁ አስተዋጽኦ የሕፃናት እንክብካቤ በጎ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ሥልጠና የሚጠይቅ ሙያ መሆኑን ማሳየቱ ነው።

«መዋዕለ ሕፃናት» ለሚለው ቃል በጀርመንኛ ጥቅም ላይ የሚውለውና በቀጥታ ሲተረጎም «የልጆች የአትክልት ስፍራ» የሚል ትርጉም ያለውን ስያሜ ያወጣው ግን ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። ፍሪድሪክ ፍረበል የተባሉት የሥነ ትምህርት ሊቅ በ1840 የሰጡት ስም ነው። የፕሩስያ መንግሥት በ1851 የፍረበልን መዋዕለ ሕፃናት ሃይማኖት የለሽነትንና ሶሻሊዝምን ያስፋፋሉ ብሎ አገደ፤ እገዳው የተነሣውም በ1860 ነበር። ስለዚህ «ሕፃናትን በማን መንፈስ እናሳድግ?» የሚለው ክርክር ከተቋሙ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ሕጋዊ መሠረቱ

የዛሬው አሠራር የተመሠረተው የመደጋገፍ መርሕ ሊባል በሚችል አስተሳሰብ ላይ ነው። በዚህ መርሕ መሠረት ለኅብረተሰቡ ቅርብ የሆነው አካል በራሱ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ከበላይ ያለው አካል አይነጥቀውም፤ ይልቁንም ድጋፍ ይሰጠዋል። አስተሳሰቡ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 11ኛ በ1931 ባወጡት ማኅበራዊ መልእክት ውስጥ በስፋት ተብራርቷል። በጀርመን የወጣቶች ጉዳይ ሕግ ውስጥ ግን ቀደም ብሎ ከ1922 ጀምሮ ቦታ አግኝቷል።

በ1960ዎቹ የወጡ ሕጎች ለሃይማኖትና ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች ቅድሚያ በመስጠታቸው አንዳንድ ከተሞችና ክልሎች መርሑ የራስ አስተዳደር መብታችንን ይነካል ሲሉ ለፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አቤቱታ አቅርበው ነበር። ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 18 ቀን 1967 በሰጠው ውሳኔ መርሑን አጸና። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ በአግባቡ መድረሱን የማረጋገጥ የመጨረሻ ኃላፊነት የመንግሥት መሆኑን አስረግጧል።

በ1990 የወጣው የሕፃናትና የወጣቶች ድጋፍ ሕግ ይህንኑ መሠረት በማድረግ ሦስት ዋና ዋና ነጥቦችን አስቀምጧል። አንደኛ፣ ብቃት ያለው መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ማቆያ ካለው ወይም በወቅቱ ሊያቋቁም ከቻለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ከማቋቋም ይቆጠባል። ሁለተኛ፣ በአገልግሎት ሰጪዎች መካከል ብዝኃነት እንዲኖር ያዛል፤ ወላጆችም ከቤተ ክርስቲያን፣ ከማዘጋጃ ቤት፣ ከሠራተኛ ማኅበራት የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ከወላጆች ኅብረት ማቆያ የመምረጥ መብት አላቸው። ሦስተኛ፣ ማንኛውም አገልግሎት ሰጪ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከክልሉ ባለሥልጣን የሥራ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ነፃ አይደለችም።

የሕፃናቱ መብትም ደረጃ በደረጃ ሰፍቷል። ከ1996 ጀምሮ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ በመዋዕለ ሕፃናት ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት ተሰጥቶታል። ከነሐሴ 1 ቀን 2013 ወዲህ ደግሞ ይኸው መብት አንድ ዓመት ለሞላው ሕፃን ሁሉ ተዳርሷል።

መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። በላይፕሲግ ከተማ ሦስት እናቶች ልጆቻቸው አንድ ዓመት ሲሞላቸው በማቆያ ቦታ ባለማግኘታቸው ወደ ሥራ መመለስ ሳይችሉ ቀሩ። በዚህም ምክንያት ያጡት ደመወዝ እንዲተካላቸው የከተማውን አስተዳደር ከሰሱ። የፌዴራሉ ከፍተኛ የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ጥቅምት 20 ቀን 2016 በሰጠው ውሳኔ፣ አስተዳደሩ በጥፋቱ ቦታ ሳያዘጋጅ ከቀረ ወላጆች ያጡትን ገቢ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው አረጋገጠ። አጠቃላይ የበጀት እጥረትም በቂ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ገለጸ። ውሳኔው የሕፃናት ማቆያ ጉዳይ ከችሮታ ወደ ተጠያቂነት መሸጋገሩን ያመላከተ ነው።

ወጪው በማን ይሸፈናል?

በጀርመን ሕዝብ ዘንድ ከሚዘወተሩት የተሳሳቱ ግምቶች አንዱ በቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራ ማቆያ በቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ይተዳደራል የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ከአባሎቻቸው የሚሰበሰብ የቤተ ክርስቲያን ግብር አላቸው። መጠኑም እንደየክልሉ ከገቢ ግብር 8 ወይም 9 በመቶ ነው። ሆኖም የማቆያዎቹ ወጪ አብዛኛው የሚሸፈነው ከመንግሥት በጀት ነው።

የፋይናንስ ሥርዓቱ ከክልል ክልል ይለያያል። በሕዝብ ብዛት ቀዳሚ የሆነውን የኖርድራይን ቬስትፋለንን ክልል ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በክልሉ ሕግ እያንዳንዱ ልጅ እንደ ዕድሜውና በሳምንት እንደሚቆይበት ሰዓት የተወሰነ የበጀት መጠን ይመደብለታል። ከዚህ በጀት ውስጥ አገልግሎት ሰጪው ራሱ የሚያዋጣው ድርሻ እንደ አቅሙ ይለያያል። በ2020 ተግባራዊ በሆነው ማሻሻያ መሠረት የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ቀድሞ ከነበረበት 12 በመቶ ወደ 10.3 በመቶ ዝቅ ብሏል። የሌሎች ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ድርሻ 7.8 በመቶ፣ የወላጆች ኅብረቶች 3.4 በመቶ፣ የማዘጋጃ ቤቶች ደግሞ 12.5 በመቶ ሆኗል። ቀሪው ከከተማው የወጣቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ከክልሉ መንግሥት የሚመጣ ሲሆን፣ ወላጆች እንደ ገቢያቸው የሚከፍሉትም መዋጮ በዚሁ ውስጥ ይታሰባል።

በቀላሉ ለማስረዳት፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ማቆያ ከሚመደብለት 100 ዩሮ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ከራሷ የምታዋጣው 10 ዩሮ ከ30 ሳንቲም ያህል ነው። በአንዳንድ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቱ ይህንኑ ድርሻ ጭምር በውል ተቀብሎ ይሸፍናል። ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያን ከአገልግሎቱ ብትወጣ ግዴታው ሙሉ በሙሉ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ ስለሚወድቅ ነው።

የወላጆች ክፍያም በየአካባቢው ይለያያል። በበርሊን ከነሐሴ 2018 ጀምሮ የሁሉም ሕፃናት ክፍያ ተነሥቷል፤ ወላጆች በዋነኛነት የሚከፍሉት አነስተኛ የምግብ ዋጋ ነው። በኖርድራይን ቬስትፋለን ደግሞ ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት ከክፍያ ነፃ ናቸው።

ፈቃድ፣ ቁጥጥርና የዕለት ተዕለት ሥራ

ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን የሚመለከተው ሕንፃውን ብቻ አይደለም። የክፍሎች ስፋት፣ የመጸዳጃና የመኝታ ሁኔታ፣ የእሳት አደጋ መከላከያ፣ የሠራተኞች ብዛትና ሙያ እንዲሁም ማቆያው በጽሑፍ ያዘጋጀው የእንክብካቤና የትምህርት ዕቅድ ይመረመራል። ልጆች ቅሬታ የሚያቀርቡበትና በጉዳያቸው የሚሳተፉበት ሥርዓት መዘርጋቱም ይታያል። ማንኛውም ሠራተኛ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል። በልጅ ላይ ጉዳት ወይም በደል መድረሱን የሚያመለክት ምልክት ከታየ ማቆያው አደጋውን ከባለሙያ ጋር የመመዘን፣ አስፈላጊ ሲሆንም ለወጣቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ከመጋቢት 2020 ወዲህ ደግሞ ዕድሜው የደረሰ ልጅ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱ ካልተረጋገጠ ወደ ማቆያ አይገባም።

ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚወስድ የሙያ ሥልጠና ያጠናቀቁ ናቸው። አንድ ተንከባካቢ ስንት ሕፃናት ይያዝ? የሚለው በየክልሉ ሕግ የሚወሰን ሲሆን፣ በዘርፉ ጥናት የሚያካሂደው የበርተልስማን ፋውንዴሽን ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሦስት ሕፃናት አንድ ተንከባካቢ እንዲመደብ ይመክራል። በብዙ ክልሎች ያለው እውነታ ግን ከዚህ ምክር በታች ነው።

ከአሠራሩ መካከል በተለይ ሊጠቀስ የሚገባው የሕፃናቱ አቀባበል ነው። አዲስ የገባ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን ለሙሉ ሰዓት አይተውም። በሰፊው በሚሠራበት «የበርሊን ዘዴ» መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እናት ወይም አባት ከልጁ ጋር ለአጭር ሰዓት አብረው ይቆያሉ። በአራተኛው ቀን ወላጁ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ከክፍሉ ይወጣል። ልጁ ተንከባካቢዋ ስታባብለው የሚጽናና ከሆነ ጊዜው ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ ካልሆነም ጥቂት ቀናት ይጨመራሉ። ሂደቱ በአጠቃላይ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። አሠሪዎችም ወላጆች ወደ ሥራ የሚመለሱበትን ቀን ሲያቅዱ ይህንኑ ጊዜ ከግምት ማስገባት ይጠበቅባቸዋል።

የሃይማኖት ጉዳይና ያስነሳቸው ክርክሮች

በቤተ ክርስቲያን ማቆያ ውስጥ ከምግብ በፊት ጸሎት ማድረግ፣ መዝሙር መዘመር፣ የገና በዓልንና በኅዳር 11 ቀን የሚውለውን የቅዱስ ማርቲን በዓል በፋኖስ ጉዞ ማክበር የተለመደ ነው። ሆኖም ማቆያዎቹ የአባሎቻቸውን ልጆች ብቻ አይቀበሉም። የሙስሊም ቤተሰቦች፣ ሃይማኖት የሌላቸው ወላጆችና ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ስደተኞች ልጆች አብረው ይውላሉ። በጀርመን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም የዚሁ አገልግሎት ተጠቃሚዎች ናቸው።

ክርክር የሚነሣው በአብዛኛው ከሕፃናቱ ይልቅ በሠራተኞቹ ጉዳይ ነው። በጀርመን ሕገ መንግሥት አብያተ ክርስቲያናት የውስጥ ጉዳያቸውን ራሳቸው የማስተዳደር መብት አላቸው። በዚህም መሠረት የራሳቸው የሥራ ደንብ አላቸው፤ ከሠራተኞቻቸውም ታማኝነትን ይጠይቃሉ። በአንድ የወንጌላውያን መዋዕለ ሕፃናት ትሠራ የነበረች አስተማሪ የሌላ እምነት አባል ሆና በዚያም ትምህርት በመስጠቷ ከሥራ ተሰናብታለች። የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት የካቲት 3 ቀን 2011 በሰጠው ውሳኔ ስንብቱ የሃይማኖት ነፃነቷን አልጣሰም ብሏል።

ከአንድ ዓመት በኋላ ግን የሕዝቡ አመለካከት ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳይ ክስተት ተፈጠረ። በ2012 በኬኒግስቪንተር ከተማ አንድ የካቶሊክ አጥቢያ የመዋዕለ ሕፃናቱን ኃላፊ በትዳሯ ጉዳይ ምክንያት ሊያሰናብት በመወሰኑ ወላጆች ተቃውሞ አሰሙ። «ገንዘቡን የሚከፍለው ሕዝብ ከሆነ የሠራተኛዋን የግል ሕይወት የሚዳኘው ለምን ቤተ ክርስቲያን ይሆናል?» የሚል ነበር የመከራከሪያው ፍሬ ሐሳብ። የከተማው ምክር ቤትም ከአጥቢያው ጋር የነበረውን የአስተዳደር ውል አቋረጠ።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም ሚያዝያ 17 ቀን 2018 በሰጠው ውሳኔ፣ ቤተ ክርስቲያን ለአንድ የሥራ መደብ የእምነት አባልነትን ልትጠይቅ የምትችለው ከሥራው ጠባይ አኳያ እውነተኛ፣ ሕጋዊና ተገቢ ምክንያት ሲኖር መሆኑንና ይህም በፍርድ ቤት ሊመረመር እንደሚችል ወሰነ። በኅዳር 2022 ደግሞ የጀርመን ካቶሊክ ጳጳሳት ባሻሻሉት የሥራ ደንብ የሠራተኞች የግል ሕይወት፣ በተለይም የቤተሰብና የትዳር ሁኔታ፣ ከእንግዲህ ለሕጋዊ እርምጃ ምክንያት እንደማይሆን ደንግገዋል። በመሆኑም በሕዝብ ገንዘብ የሚደገፍ አገልግሎት ቀስ በቀስ የሕዝብን መመዘኛ ወደ መቀበል እንደሚያመራ ከሂደቱ መገንዘብ ይቻላል።

አሁን ያሉ ችግሮች

አሠራሩ ከችግር የጸዳ አይደለም። ሕጉ መብት ቢሰጥም በብዙ ከተሞች የቦታ እጥረት አለ። የሠለጠነ ባለሙያ እጥረት ደግሞ ከሕንፃ እጥረት የባሰ ሆኗል፤ በሠራተኛ ማነስ ምክንያት የአገልግሎት ሰዓት የሚያሳጥሩ ማቆያዎች ጥቂት አይደሉም።

በምሥራቅና በምዕራብ መካከል ያለው ልዩነትም አልጠፋም። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ማቆያዎችን በስፋት ያቋቋመው መንግሥት ስለነበረ ዛሬም ከሦስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በማቆያ ይውላሉ። በምዕራቡ ክፍል ግን ቁጥሩ ከአንድ ሦስተኛ ብዙም አይርቅም። ይህም በአብያተ ክርስቲያናት ላይ ያተኮረ አሠራር ብዝኃነትን ሲያስገኝ፣ ለተስፋፊነት ግን የመንግሥት ዕቅድና በጀት ወሳኝ መሆናቸውን ያመለክታል።

ሌላው ፈተና የአብያተ ክርስቲያናቱ አቅም መዳከም ነው። ከ2022 ወዲህ የሁለቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አባላት ድምር ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ በታች ወርዷል። አባላት ሲቀንሱ ግብሩም ይቀንሳል። በዚህ የተነሣ አንዳንድ አጥቢያዎች ማቆያዎቻቸውን ለማዘጋጃ ቤት ወይም ለሌላ ድርጅት በማስረከብ ላይ ናቸው።

ለአገራችን የሚሰጠው ትምህርት

በአገራችን የሃይማኖት ተቋማት ሕፃናትን በመሰብሰብና በማስተማር ረገድ ረዥም ልምድ አላቸው። ዘመናዊ ትምህርት ከመስፋፋቱ በፊት ልጆች ፊደል የቆጠሩት በቄስ ትምህርት ቤት፣ ቅዱስ ቁርዓንን የቀሩት ደግሞ በመድረሳ ነው። በየከተማው በሃይማኖት ተቋማት የሚተዳደሩ መዋዕለ ሕፃናትም ይገኛሉ። ተቋማቱ በየሰፈሩ ግቢ፣ አዳራሽና የሕዝብ አመኔታ አላቸው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ የሕፃናት ማቆያ ለማቋቋም ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋነኞቹ ናቸው።

በሌላ በኩል ሁለቱ አገሮች መሠረታዊ ልዩነት አላቸው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ደንግጓል። አንቀጽ 27 በበኩሉ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋማት የማቋቋም፣ ወላጆችም ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የማሳደግ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። ስለዚህ የጀርመንን የድጎማ ሥርዓት እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ሆኖም ከሃይማኖት ተቋማት ጋር ለመተባበር የሚያስብ መሥሪያ ቤት፣ የወረዳ ወይም የክፍለ ከተማ አስተዳደር ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች ከጀርመን ልምድ ሊወስድ ይችላል።

አንደኛ፣ ኃላፊነት በውል አይተላለፍም። ማቆያውን ማንም ያስተዳድረው፣ ሕፃናት በቂ እንክብካቤ ማግኘታቸውን የማረጋገጥ ግዴታ የመንግሥት አካል ሆኖ ይቀጥላል።

ሁለተኛ፣ ፈቃድና ቁጥጥር ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ነው በሚል ምክንያት የሠራተኛ ማንነት ሳይጣራ፣ የውኃና የመጸዳጃ ሁኔታ ሳይታይ የሚከፈት ማቆያ ለሕፃናት አደጋ ነው። ከሃይማኖት አባቶች ጋር ያለው መከባበር ቁጥጥሩን ሊያላላው አይገባም።

ሦስተኛ፣ ወጪው ገና ከመጀመሪያው በግልጽ ይከፋፈል። ቤቱን ማን እንደሚሰጥ፣ ደመወዙን ማን እንደሚከፍል፣ ወላጆች ምን ያህል እንደሚያዋጡ፣ አንዱ ወገን ሲያቋርጥ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ ማቆያው በተከፈተ በዓመቱ ሊዘጋና እናቶች እንደገና ሊቸገሩ ይችላሉ።

አራተኛ፣ የሕዝብ ድጋፍ የሚያገኝ ማቆያ ልጆችን በሃይማኖት ለይቶ መቀበል የለበትም። ወላጆችም ልጃቸው በሃይማኖታዊ ሥርዓት እንዲሳተፍ ወይም እንዳይሳተፍ አስቀድመው የሚወስኑበት አሠራር መኖር አለበት። ሌላ አማራጭ በሌለበት አካባቢ ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ አስፈላጊ ነው፤ አማራጭ የሌለው ወላጅ መርጧል ሊባል አይችልምና።

አምስተኛ፣ ከሕንፃው ይልቅ ለሠራተኛው ቅድሚያ ይሰጥ። በጀርመን ቦታ ያሳነሰው የሲሚንቶ እጥረት ሳይሆን የሠለጠነ ሰው እጥረት ነው። በአገራችንም ተንከባካቢዎችን የሚያሠለጥን አጭርና ተደራሽ መርሐ ግብር መቅረጽ ከማቆያዎቹ ግንባታ ጎን ለጎን ሊታቀድ ይገባል።

ስድስተኛ፣ የመሥሪያ ቤቶች የሥራ ሰዓትና የማቆያ ሰዓት ይጣጣሙ። ሕፃኑን ለማለማመድ የሚያስፈልጉትን ቀናት ታሳቢ ያደረገ የፈቃድ አሰጣጥ ለሕፃኑም፣ ለእናትየውም፣ ለመሥሪያ ቤቱም ጠቃሚ ነው። ያለቅሳል ተብሎ በተደጋጋሚ በስልክ የምትጠራ እናት ሥራዋን በሙሉ ልብ ልትሠራ አትችልም።

ማጠቃለያ

ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት በአንዲት የተራራ መንደር አንዲት ወጣት በቤቷ የጀመረችው ሥራ ዛሬ በሕግ የተረጋገጠ የሕፃናት መብት ለመሆን በቅቷል። በዚህ ረዥም ጉዞ ቤተ ክርስቲያን ጀማሪ፣ አሠልጣኝና አስተዳዳሪ ሆና አገልግላለች። መንግሥት ደግሞ መጀመሪያ ተመልካች፣ ቀጥሎ ደጋፊ፣ በመጨረሻም መብቱን አረጋጋጭና ተጠያቂ ሆኗል። ሁለቱ ወገኖች ድርሻቸውን በግልጽ በለዩባቸው ቦታዎች አገልግሎቱ ጸንቷል፤ ባልለዩባቸው ቦታዎች ግን ጉዳዩ በፍርድ ቤትና በምክር ቤት ክርክር አልቋል።

በአገራችን የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ነገ ወደ ሥራ የምትመለስ እናት የምትፈልገው በቅርቧ የሚገኝ፣ ንጹሕ፣ በታወቁ ሰዎች የሚመራና አቅሟ የሚችለው ማቆያ ነው። ማቆያው በመሥሪያ ቤቷ ግቢ ውስጥም ሆነ በሰፈሯ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ ቢገኝ ለእርሷ ዋናው ነገር የልጇ ደኅንነት ነው። ይህንን ደኅንነት ዋስትና ያለው ለማድረግ የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ደረጃ የማውጣት፣ የመቆጣጠርና የማስተባበር ሥራቸውን ከወዲሁ አጠናክረው መቀጠል ይጠበቅባቸዋል።